ፓስትራሚ ፍለጋ በማንሃተን

ኒው ዮርክ በሄድኩ ቁጥር አስቀድሜ የማጣራው፣ የከተማው ሰው «ዴሊ» ከሚላቸው የቆዩ የአይሁድ ምግብ ቤቶች የትኞቹ እስከ ዛሬ እንዳልተዘጉ ነው። በአንድ ወቅት በየሰፈሩ የነበሩት እነዚህ ቤቶች፣ ደንበኞቻቸው ወደ ከተማ ዳርቻ ሲፈልሱ፣ ኪራይና የሥጋ ዋጋም ሲንር፣ ቁጥራቸው ተመናምኗል፤ በ1937 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተከፈተው ስመ ጥሩው ካርኔጊ ዴሊ እንኳ የማንሃተን ቤቱን በ2016 መጨረሻ ዘግቷል።

ካትዝ ግን ከ1888 አንሥቶ አለ። እንግዳ ሲገባ ትንሽ ቲኬት ይሰጠዋል፤ ያዘዘው ሁሉ በእርሷ ላይ ተጽፎ ሲወጣ ይከፍልበታል፤ የጣላት ሰው መቀጫ ስላለበት እኔ ከኪሴ ሳወጣና ስመልስ ምግቡ ይቀዘቅዝብኛል። ፓስትራሚው በጨው ከርሞ፣ በቁንዶ በርበሬና በድንብላል ተለውሶ፣ በጭስ ታጥኖ፣ በመጨረሻም እስኪለሰልስ በእንፋሎት የበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፤ ቆራጩ በቢላዋ ወፈር አድርጎ ይቆርጠውና ሰናፍጭ በተቀባ፣ ራይ ከሚባል እህል በተጋገረ ዳቦ መካከል ይከምረዋል። አንዱን ለሁለት መካፈል ነውር አይደለም።

ካትዝ ኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የአመጋገብ ሕግ የሚጠብቅ፣ አይደለም። ሕጉን የሚፈልግ ሰው በ1954 ወደተመሠረተው ሴከንድ አቬኑ ዴሊ ይሂድ፤ ስሙ እንዳለ ቢቀርም ቤቱ ከ2007 ጀምሮ የሚገኘው በ33ኛው ጎዳና ነው። ሥጋና ወተት አንድ ላይ ስለማይቀርቡ ዓሣና አይብ የሚሸጡት ሌሎች መደብሮች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ፣ በ1914 የተከፈተው ረስ ኤንድ ዶተርስ፣ ከካትዝ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። ለረቡዕና ዓርብ እርሱም አይሆነኝም።