የልጄ ሁለተኛ ስም የእኔ ስም ነው

በፋሲካ ማግስት አንድ የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። እንኳን አደረሰህ ተባባልን። ከዚያ «እስቲ ልጅቷን አገናኘኝ፣ አማርኛዋን ልስማው» አለኝ። እኔ ጋ እንዳልሆነች፣ አልመጣም ብላ እንደቀረች ነገርኩት። «ታዲያ ሂድና አምጣት! አሜሪካ እኮ የሕግ አገር ነው» አለ። የምመልሰው አጣሁ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን አለቀስኩ። ያን ቀን ያልመለስኩለትን ነው አሁን የምጽፈው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስንፋታ ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነበር። ፍቺውን ፍርድ ቤት ጨረሰው። የልጅቷን ነገር ግን ለሽማግሌ ሰጠነው። ሦስት ሰዎች ተቀመጡ፤ አንዱ ሚዜዬ የነበረ ነው። እናቷ ዘንድ ትኑር፣ አርብ አርብ እኔ ከትምህርት ቤት ልውሰዳት፣ እሑድ ማታ ልመልሳት ተባለ። ተሳስመን ተነሣን። ገመናችንን በፈረንጅ ዳኛ ፊት ሳናወጣ መጨረሳችን አኩርቶኝ ነበር።

ጥቂት ወራት ደህና ሄደ። ቀጥሎ «ዛሬ አሟታል»፣ «የጓደኛዋ ልደት ነው» መጣ። ስልክ ላይ የልጄ ድምፅ ቀዘቀዘ። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ «ትተኸን የሄድከው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። ይህ ከእሷ የመነጨ ጥያቄ አልነበረም። እናቷ ክፉ ሴት አይደለችም። ተጎድታለች። የራሷን ቁስል ግን ልጅ ላይ አስቀመጠችው።

አንድ አርብ በዘጠኝ ሰዓት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ መታወቂያዬን ተቀብላ ኮምፒውተሯን አየች። «ስምህ የለም» አለችኝ። አባቷ ነኝ አልኳት። መታወቂያዬን ደግማ አየችና «የመጨረሻ ስማችሁ እኮ አይመሳሰልም» አለች።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የልጄ የመጨረሻ ስም የእኔ ስም ነው። የእኔ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአባቴ። እኛ አገር አባትነት የሚታወቀው በዚህ ነው። ለጸሐፊዋ ግን ይኸው ስም እኔንና ልጄን ባዕድ አደረገን። በጣቴ እያሳየሁ «ይህ እኔ ነኝ፣ ይህ ስም የእኔ ነው» አልኳት። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠየቀችኝ። «ሽማግሌዎቹን ልደውልልሽ» አልኳት። ምን እንደምላት አልገባትም። ይህን ስንነጋገር ልጄ ከእናቷ ጓደኛ ጋር በኮሪደሩ አለፈች። አየችኝና አንገቷን ደፋች። ጥበቃው እስከ በሩ ሸኘኝ።

ፖሊስ ብጠራ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ሄደ። የማኅበሩ ሰዎች «ታገሥ፣ ልጅ ሲያድግ አባቱን ይፈልጋል» አሉኝ። ይህን ምክር አገር ቤትም እሰማው ነበር። አልወደውም። ስታድግ ብትፈልገኝ የስምንት ዓመቷን ልጅ ማን ይመልስልኛል?

ጠበቃ ከያዝኩ በኋላ ነው ብዙ ነገር የገባኝ። የቨርጂኒያ ሕግ ልጁ ማንም ዘንድ ይኑር፣ የትምህርት መረጃውን ለማየት ሁለቱም ወላጆች መብት አላቸው ይላል። ዳኛው የሚያሳድገውን ሲመርጥ፣ ልጁ ከሌላው ወላጅ ጋር እንዲገናኝ የሚረዳው የትኛው ነው ብሎ እንዲመዝን ያዛል። የእኛም አገር ሕግ የዋዛ አይደለም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113፣ ፍቺ ሲወሰን የወላጅና የልጅ መጠያየቅ አብሮ እንዲወሰን ያስገድዳል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ። የሚጎድለው ፍጥነት ነው። እኔ ዳኛ ፊት ለመቅረብ ስምንት ወር ጠብቄያለሁ። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ልጅ የአባቷን ሽታ ትረሳለች። ያለፉት አርቦች አልተተኩልኝም፤ ለጠበቃ የከፈልኩትም ሄደ።

ስለዚህ ሕጉ ይሻሻል የሚሉትን እደግፋለሁ። በፈረንጆቹ 2018 ኬንታኪ እኩል የማሳደጊያ ጊዜን መነሻ ያደረገች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ዳኛው ከዚያ የሚወጣው በቂ ምክንያት ሲያገኝ ነው። አርካንሳስ በ2021፣ ጎረቤታችን ዌስት ቨርጂኒያ በ2022፣ ፍሎሪዳ በ2023 ተከተሉ። ቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለ መነሻ የላትም። የተከለከለ ቀን ወዲያው የሚተካበት፣ በወራት ሳይሆን በሳምንታት ዳኛ ፊት የሚቀረብበት ሥርዓት ያስፈልጋል።

ሌላም የሚባል አለ። በ2023 በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት የሚከታተሉት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር፣ «ልጄን አራቀችብኝ» የሚለው ክስ የተደበደቡ እናቶችን ዝም ለማሰኘት እንደሚውል አስጠንቅቀዋል። እውነት ነው። ሚስቱን ሲመታ የኖረ ሰው በእኔ ሐዘን ተከልሎ ልጅ እንዲወስድ አልፈልግም። ፈጣን ችሎት ለዚህም ይጠቅማል። የተደበደበችውም እናት ስምንት ወር መጠበቅ የለባትም።

ዲቪ ሞልታችሁ ከነቤተሰባችሁ ለመምጣት የምታስቡ፣ ትዳራችሁን እግዚአብሔር ይጠብቅላችሁ። መለያየት ከመጣ ግን ሽማግሌ ያስታረቀውን ፍርድ ቤት ወስዳችሁ በዳኛ አስጸድቁት። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፤ ቃላቸው ግን የትምህርት ቤቱን በር አያስከፍትም። ስማችሁ በአደጋ ጊዜ ተጠሪዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱንም በዓይናችሁ እዩ። ደግሞ እናቶችም አባቶችም፣ እባካችሁ፣ ልጁ ፊት የሌላውን ስም አታንሡ፤ ካነሣችሁም በደህና ይሁን።

አሁን ትእዛዙ አለኝ። በዝርዝሩ ላይም ሦስተኛ ነኝ። ያም ሆኖ አንዳንድ አርብ አልሄድም ትላለች። ጎትቼ አልወስዳትም። ባለፈው ሳምንት ግን መጣች። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ስታይ ነበር። እሑድ ስትወርድ ደብተሯን ወንበሩ ላይ ረሳችው። ሽፋኑ ላይ በእጅ ጽሑፏ የእሷ ስም አለ፣ ቀጥሎ የእኔ። እስከ አርብ እኔ ዘንድ ነው።