የፍየል ጠጉር ስትሪመር ለጣና ነጭ አሳ

ጣና ላይ ነጭ አሳ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው፣ በሳይንሱ ሌቢዮባርበስ የሚባለው ወገን 15 ያህል ዝርያ አለው። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ አሳ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው፤ የሚያሳድዱትም በአብዛኛው ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡትን ደቃቅ ባርበሶች ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የፍላይ ዘንግ (ከጠጉርና ከክር የተሠራ ቀላል ማጥመጃ የሚወረወርበት ዘንግ) ይዞ ለሚቆም ሰው ነፍሳት ከሚመስል ማጥመጃ ይልቅ ደቃቅ አሳ የሚመስለው ስትሪመር ያዋጣዋል። ደግነቱ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል ጎጃም ውስጥ አለ።

ነጭ አሳ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የዋጠውን የሚያደቀው ጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ክር የሚበጥስ ጥርስ ስለሌለው የሽቦ መሪ (ማጥመጃው የሚታሰርበት የመጨረሻው የሽቦ ክር) አያስፈልግም፣ 0.28 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን ይበቃል። ጅራቱ ከመንጠቆው በጣም ርቆ የሚሄድ ስትሪመር ግን ጠጉሩ ብቻ አፍ ውስጥ ገብቶ መንጠቆው ውጭ ይቀራል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ሥራውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ጠጉሩ ነው። አሜሪካዊው ቦብ ክላውዘር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው፣ እኛም እዚህ መነሻ ያደረግነው አሠራር የአጋዘን ጅራት ይጠቀማል። በእሱ ፈንታ የፍየል ጠጉር እንይዛለን፤ የወጠጤ የጀርባ መስመር፣ የጭንና የጢም ጠጉር ቢያንስ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን መርጦ። የዋሸራ በግ ጠጉር አጭር ስለሆነ አይሆንም። የፈረስ ጭራ በአዊ በኩል እንደ ልብ ቢገኝም ወፍራምና ሙልጭልጭ ነው፤ ከክሩ ሥር እየሾለከ ይወጣል፣ ውኃ ውስጥም ግትር ብሎ ይቀራል።

ከበዓል የተረፈ ቆዳ ካለ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይበቃል። ስቡን በቢላ ፍቃችሁ ጨው አድርጉበት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቆዳው ይሰባበራል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በኦሞ አጥባችሁ ሽታው እስኪለቅ አለቅልቁት። ደርቆ ሳያልቅ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከገባ ይሻግታል፤ ሜዳ ላይ ከቀረ ደግሞ ብል ይበላዋል።

መንጠቆው እግሩ፣ ማለትም ከዓይኑ እስከ ማጠፊያው ያለው ቀጥ ያለ ክፍል፣ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን ይሁን። የመንጠቆ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በማስመሪያ መለካት ይሻላል። የመመለሻ እሾሁን በፒንሳ አሁኑኑ ደፍጥጡት። ብረቱ መጥፎ ከሆነ እዚህ ላይ ይሰበራል፣ ያኔ የከሰራችሁት ባዶ መንጠቆ ብቻ ነው። ከዚያ ማጠፊያው ላይ በትንሽ ሞርሳ አጥብቃችሁ ያዙት።

ቀጭን የፖሊስተር ስፌት ክር ንጹሕ ሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱ። ሰም ያልነካው ክር በብረቱ ላይ ይንሸራተታል። ከመንጠቆው ዓይን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ጀምራችሁ እስከ ማጠፊያው ጠምጥሙና ተመለሱ። ከዓይኑ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ቦታ ባዶ ተዉት። ጀማሪ ከሚሠራቸው አብዛኞቹ የሚበላሹት ይህ ቦታ ተረስቶ ጭንቅላቱ ዓይኑን ሲደፍነው ነው።

ለስትሪመሩ ዓይን ከቁልፍ መያዣ የኳስ ሰንሰለት ላይ ሁለት ኳስ አንድ ላይ ቁረጡ። ከመንጠቆው ዓይን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ርቃችሁ በእግሩ ጀርባ ላይ፣ ማለትም ከመንጠቆው ሹል ጫፍ በተቃራኒ በኩል፣ አስቀምጡት። ክሩን በሰያፍ 8 ጊዜ፣ መልሳችሁ በሌላው ሰያፍ 8 ጊዜ አሳልፉ። ቀጥሎ በኳሶቹና በእግሩ መካከል በአግድም 5 ጊዜ አዙሩ፤ ቀድሞ የተጠመጠመውን አንቆ የሚያጠብቀው ይህ ነው። አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጉበት። ክብደቱ በጀርባ በኩል ስለሆነ ስትሪመሩ ውኃ ውስጥ ይገለበጥና ጫፉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ድንጋይ ላይ እምብዛም የማይሰካውም ለዚህ ነው።

ለገላው የሀበሻ ቀሚስ ጥለት የሚሠራበትን ብርማ ክር ከኋላ ወደ ፊት ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ።

አሁን ጠጉሩ። የክብሪት እንጨት የሚያህል ውፍረት ያለው ነጭ ጠጉር ከቆዳው ሥር ቁረጡ። ጫፉን ይዛችሁ ከሥሩ ያለውን አጭርና ለስላሳ ጠጉር በጥሩ ማበጠሪያ አውጡ። ያ ለስላሳው ከቀረ አየር ይዞ ያንሳፍፈዋል፣ ጭንቅላቱንም ያሳብጣል። ጠጉሩን ከኳሶቹ ፊት ለፊት እሰሩት፤ በሁለቱ ኳሶች መካከል አሳልፋችሁ ከኋላቸው ደግሞ በ4 ዙር ያዙት። ከኋላ ሲታሰር ክሩን ብዙ አትሳቡ፤ ከተሳበ ጠጉሩ ይበተናል። ቀጥሎ መንጠቆውን ገልብጡና ከብርማው ክር 4 ዘለላ፣ በላዩም ያንኑ ያህል ጥቁር ወይም ቡናማ ጠጉር በመንጠቆው ጫፍ በኩል ከኳሶቹ ፊት ብቻ እሰሩ። ሁለቱም ከማጠፊያው በ3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይለፉ።

በዚህ ጊዜ እጃችሁ ላይ ያለው ነገር ቀጭንና የጎደለው ይመስላል። ጠጉር ለመጨመር እጃችሁ ይሄዳል፤ አትጨምሩ። ጠጉር የበዛበት ስትሪመር ውኃ ውስጥ እንደ መጥረጊያ ግትር ብሎ ይሄዳል፣ ለመስጠም ይዘገያል፣ ሲወረወርም ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሳሳ ያለው ግን እያንዳንዱ ጠጉር ለብቻው ይንቀሳቀሳል፣ ብርሃንም በመካከሉ ያልፋል፤ ደቃቁን አሳ የሚያስመስለው ይህ ነው።

የጠጉሩን ትርፍ በሰያፍ ቆርጣችሁ ጭንቅላቱን ወደ ዓይኑ እየሾለ እንዲሄድ ጠምጥሙ። 4 የግማሽ ቋጠሮ አድርጉና ቀለም የሌለውን የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ይሁን። እዚህ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ወደ ጠጉሩ ሰርጎ ሥሩን ያደነድነዋል።

ሐይቅ ከመውረዳችሁ በፊት ሳፋ ሙሉ ውኃ ውስጥ ሳቡት። በጎኑ ከተኛ ኳሶቹ ተጣመዋል፤ ክሩን ሳትፈቱ በጣት አቅኑት። ጠጉሩ ማጠፊያው ላይ የሚጠመጠም ከሆነ ወይ ረዝሟል ወይ ለስላሳው ጠጉር አልወጣም።

ግልገል አባይ ደለሉን ሲያመጣና ውኃው ሲደፈርስ ነጩን ትታችሁ ከላይም ከታችም ጥቁር ብቻ እሰሩ፤ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ጥቁሩ ነው። ይሁን እንጂ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብዙው ነጭ አሳ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ስለሚወጣ የወንዝ አፍ ላይ አትወርውሩ። ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው በዋናነት በዚያ ወቅት እዚያው ቦታ ላይ በመረብ ስለተጠመደ ነው። የባሕር ዳር ድንጋያማ ዳርቻ ለክረምቱም ይበቃል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ጠዋትና ማታ ውኃ ውስጥ አትግቡ።

ሲሳብ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎተት፣ ከዚያ ቆም ማድረግ ነው። በቆመበት ቅጽበት ኳሶቹ ጭንቅላቱን ወደ ታች ይስቡታል፤ አሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም ያኔ ነው፣ ስለዚህ ክሩ ሳይላላ ይቆይ።