የፈረሱን ቅንብር አራት ጊዜ ጻፍኩት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እንጉዳይ በምንለው የጂምናስቲክ መለማመጃ ላይ ሦስት ዙር ሳያቋርጥ ዞረና በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ላየው ሰው አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እኔን ግን ያንን አምስት ሰከንድ በወረቀት ላይ በትክክል ማስፈር ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ደስታውን ብቻዬን መያዝ ስላልቻልኩ በዚሁ ሙያ ላላችሁ ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ።

ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸውን ወንዶች ልጆች ጂምናስቲክ አሠለጥናለሁ። መነሻዬ በልጅነቴ አዲስ አበባ የተማርኩት ሰርከስ ነው። ዘንድሮ ሦስት ትናንሽ የሥልጠና ማዕከላት ለጀማሪዎች ብቻ የሚሆን የእርስ በርስ ውድድር ለማዘጋጀት ተስማማንና የግዴታ ቅንብሮቹን መጻፍ ለእኔ ደረሰ። የግዴታ ቅንብር ማለት ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የሚሠራበት ነው። የሚችለውን አሳይቶ የማይችለውን መደበቅ የለም። የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎችም እስከ እ.ኤ.አ. 1996ቱ የአትላንታ ውድድር ድረስ ከምርጫ ቅንብራቸው ጋር ይህንንም ይሠሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከትልልቆቹ መድረኮች ቀረ። ሮማንያዊቷ ናዲያ ኮማኔቺ እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ ያገኘችው የመጀመሪያው 10 ነጥብ በግዴታ ቅንብር የተገኘ መሆኑን ለልጆቹ መንገር አይሰለቸኝም። ሌሎቹ የሠሩትን ያንኑ ነው የሠራችው፤ የበለጠችው በአሠራሯ ነው። «የግዴታ ቅንብር ልጅን ያሰለቻል» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ አልስማማም። የሚያሰለቸው ያለሐሳብ የተጻፈው ነው።

ወንዶች በስድስት መሣሪያዎች ይወዳደራሉ። አምስቱን በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። ወለሉ ላይ ወደፊት መንከባለል፣ በእጅ መቆምና ሚዛን መጠበቅ፤ ቀለበቱ ላይ ክንድ ሳይታጠፍ መወዛወዝ፤ ዝላዩ ላይ ሩጫና በተደራረበ ፍራሽ ላይ ማረፍ። ትይዩ ዘንጎቹና አግዳሚው ዘንግም ከዚህ ብዙ አልራቁም። በሁሉም መጨረሻ ላይ «ካረፈ በኋላ ሁለት ሰከንድ ይቁም» የሚል መስመር አስገብቻለሁ፤ ማረፍን ሳይማር መገልበጥን የሚማር ልጅ ማየት ስለማልፈልግ ነው።

ስድስተኛው ፈረሱ ነው፤ ያ እጀታ ያለው። በዓለም አቀፉ መለኪያ ከወለሉ 115 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ርዝመቱ 160፣ ስፋቱ 35 ሳንቲሜትር ነው። ከእኔ ልጆች አብዛኞቹ አጠገቡ ሲቆሙ አናታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ የሚጀምሩት በእንጉዳዩ ነው፤ ክብ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ፣ ዝቅ ያለ መለማመጃ። ልጁ ሁለት መዳፉን መሀሉ ላይ ተክሎ እግሮቹን ገጥሞ በዙሪያው ያዞራል። እግሮቹ በግራ ሲያልፉ ትከሻው ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ወደ አንዱ እጅ ሄዶ ሌላው ይነሣል፤ ወዲያው ደግሞ ይገላበጣል። ይህንን ቅብብል የዘገየ ልጅ እግሩ ከገዛ እጁ ጋር ይጋጫል።

አሜሪካዊው ጂምናስት ስቲቨን ኔዶሮሲክ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ መነጽሩን አውልቆ ፈረሱን ከሠራና አሜሪካ ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያውን የወንዶች የቡድን ሜዳሊያ ካገኘች በኋላ ቀድሞ የሚሸሹት ፈረስ ዘንድ ልጆቼ ራሳቸው መሰለፍ ጀመሩ። ይህንን ጉጉት የሚመጥን ቅንብር መጻፍ ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ስምንት ተከታታይ ዙር ነበረው፤ በመሀሉም እንጉዳዩን በእጅ ዞሮ መመለስ። ዛሬ መለስ ብዬ ሳነበው ለልጆች እንዳልጻፍኩት ይገባኛል፤ የጻፍኩት ሌሎቹ አሠልጣኞች አይተው እንዲያደንቁኝ ነው። በሙከራው ቀን ከአሥራ አራት ልጆች የጨረሱት ሁለት ናቸው። የቀሩት ሁለተኛው ዙር ላይ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ። በዓለም አቀፉ የዳኝነት ሕግ አንድ ጊዜ መውደቅ አንድ ሙሉ ነጥብ ያስቀንሳል፤ እኛም እሱን ወስደን ስለነበር ብዙዎቹ ግማሽ ነጥባቸውን አጡ። አንዱ ልጅ ሲጨርስ ወደ ወንበሩ ሳይሆን ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደ። እናቱ ተከትላው ስትገባ የምለው ጠፋኝ።

ሁለተኛው ረቂቅ የዚህ ተቃራኒ ሆነ፤ አንድ ዙር ብቻና መውረድ። ሁሉም ሠሩት፣ የተማረበት ግን የለም። በዳኝነት የሚያግዘን ወዳጄ ወረቀቱን ይዞ «ከምኑ ልቀንስ? ማንን ከማን ልለይ?» አለኝ። ልክ ነበር።

ሦስተኛው ነው የሚቆጨኝ። እንቅስቃሴዎቹ ጥሩ ነበሩ፤ ጽሑፉ ግን «በቀኝ እግር ይጀምራል» ይል ነበር። እኔ የምዞረው እንደዚያ ስለሆነ ሳላስብ የጻፍኩት ነው። ያ የሰባት ዓመት ልጅ በተፈጥሮው በሌላው አቅጣጫ የሚዞር ነው፤ እኔም አውቃለሁ፣ ወረቀቱን ስጽፍ ግን አላስታወስኩትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ወገኑ ሲዞር ከረመ። ዳሌው ታጠፈ፣ እግሮቹ ተከፈቱ፣ ቀድሞ የነበረችው ጥሩ ዙር እንኳ ጠፋች። እኔ ደግሞ ከድካም ነው ብዬ እንዲያርፍ እነግረው ነበር። በመጨረሻ ወረቀቱን በእጁ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ በዚህኛው በኩል ብዞር ይቀነስብኛል?» አለኝ። ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት ልጅ ነው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ እኔን በአማርኛ የሚያናግረኝ ጭንቅ ሲለው ነው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት፤ ጎንበስ ብዬ «በቀኝ» የሚለውን እፊቱ ሰረዝኩት።

አሁን ጽሑፉ «በቀዳሚ እግር» ይላል፤ ቀዳሚው የትኛው እንደሆነ ልጁ ይመርጣል፣ ከመረጠ በኋላ ቅንብሩን በሙሉ በዚያው ወገን ይሠራል። ቅንብር የምትጽፉ ከሆነ ቀኝና ግራ የሚሉ ቃላትን አንድ በአንድ ፈልጋችሁ መርምሯቸው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

አራተኛው ረቂቅ ደረጃ አለው። አንድ ዙር፣ ከዚያ እግር ወለሉን ነክቶ፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ ሰውነት እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ሁለት ሰከንድ ማረፍ። ከዚያ ሁለት ዙር፣ እንደገና ማረፍ። ከዚያ ሦስት ዙርና መውረድ። የወደቀ ልጅ የወደቀበትን አይደግምም፤ ከሚቀጥለው ደረጃ ይነሣል። በእኛ ውድድር መውደቅ የሚያስቀንሰውንም ግማሽ ነጥብ አደረግነው። ሁለተኛው ደረጃ ላይ የተሰናከለ ልጅ ሦስተኛውን አሳምሮ ሲሠራ አይቻለሁ፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ቢሆን ኖሮ ያንን ዕድል አያገኝም ነበር። ማረፊያው ለትንፋሽ ብቻ አይደለም። ልጁ እጁን እንደገና መሀል ላይ እንዲተክል ጊዜ ይሰጠዋል።

እጅን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሲወርድ ቀድሜ የማየው ልጁን ሳይሆን እንጉዳዩን ነው። መዳፋቸውን የሚቀቡት ነጭ ዱቄት አሻራ ይተዋል። በደንብ የዞረ ልጅ መሀሉ ላይ ሁለት ደማቅ፣ ጎን ለጎን የተደራረቡ የመዳፍ ምልክቶች ትቶ ይሄዳል። የተቸገረው ልጅ አሻራ ከመሀል ተነሥቶ ወደ ዳር እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ጣቶቹ የተጎተቱበት መስመር ሳይቀር ይታያል። በቪዲዮ ደጋግሜ ያላገኘሁትን ስሕተት በዚህ አሻራ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ የሚቀጥለው የራሱን እንዲጽፍ።

ባልዲውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከጣሪያ በገመድ የተንጠለጠለ የላስቲክ ባልዲ ነው፤ ልጁ እግሮቹን እውስጡ ከትቶ ይዞራል፣ ባልዲው ክብደቱን ይሸከምለታል። እወደዋለሁ፣ ልጆቹም ይወዱታል። ግን በአንድ ልምምድ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈቅድም፤ ባልዲው ስለሚሸከማቸው ዳሌያቸውን መጣል ይለምዳሉ፣ ያንን ለማስተው ደግሞ ወራት ይወስዳል። ግማሽ ሰዓት ባልዲ ላይ የሚያስቀምጡ አሠልጣኞች ለእኔ ልጁን ሳይሆን ራሳቸውን ነው የሚያሳርፉት። በዚህ የማይስማማ ካለ ምክንያቱን መስማት እፈልጋለሁ።

ያልፈታሁት መውረጃውን ነው። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ልጁ ፊቱን ወደ እንጉዳዩ አድርጎ ይረፍ ወይስ ሩብ ዞሮ ጎኑን ሰጥቶ? ሩብ መዞሩ ኋላ ላይ ከፈረሱ ለመውረድ ያዘጋጃል፤ ነገር ግን የደከመ የስድስት ዓመት ልጅ ሲዞር ጉልበቱ ሲጠማዘዝ ማየት ያስፈራኛል። ለጊዜው ፊት ለፊት ብዬ ጽፌዋለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ወረቀቱን ያለ ምንም ማብራሪያ ለሌሎቹ ሁለት ማዕከላት እሰጣለሁ፤ እኔ በሌለሁበት ልጆቹ እንዴት እንደሚያነቡት ማየት እፈልጋለሁ። ሩብ ዙሩን በትንንሾች ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ ከዚያ በፊት ጻፉልኝ።