ያው መግል አይደለም

«እህቴ፣ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ብትሰጡኝ ምናለ?» አለችኝ አንዲት እናት፣ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ቆማ። የልጇ ጆሮ መግል ማውጣት ከጀመረ ሰነባብቷል። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ እየገዛች ደጋግማ ሰጥታዋለች። ለውጥ የለም። ካልቸር (ከናሙናው ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ቀናት እንደሚፈጅ ሲነገራት ደግሞ ጭራሽ ተስፋ ቆርጣለች። አልፈርድባትም፤ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ማን ይታገሣል?

ዛሬ ጠዋት የልጁን ናሙና የዘራንበትን ሳህን ባክቴሪያ ከሚያድግበት ማሞቂያ፣ ከኢንኩቤተር፣ አወጣሁት። ወደ አረንጓዴ አዘንብሏል። ወይን ወይን የሚል ጣፋጭ ሽታ አለው (ሆን ብሎ ማሽተት ክልክል ነው፤ ይሄኛው ግን ራሱ ይመጣል)። ከኮሎኒው (ሳህኑ ላይ ተከማችቶ ካደገው ባክቴሪያ) ትንሽ ነክቼ፣ የባክቴሪያውን ዓይነት ለመለየት በሚያግዘው የኦክሲዴዝ ወረቀት ላይ ቀባሁት። በሰከንዶች ውስጥ ሐምራዊ ሆነ። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ! አሞክሳሲሊን በተፈጥሮው የማይበግረው ባክቴሪያ ነው። ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ የዋጠው በከንቱ ነበር።

ከቆዳ ቁስል፣ ከዓይን፣ ከጆሮ የሚወጣው መግል ሲያዩት ያው ይመስላል። ሳህን ላይ ግን ይለያያል። ስታፍሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲልበት አረፋ ይደፍቃል፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ግን ዝም ይላል። ይህን መለየት ውድ ማሽን አይጠይቅም። ሆኖም አብዛኛው ጤና ጣቢያችን ካልቸር አይሠራም፤ ሕመምተኛው በግምት መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

ለእናትየው ሁሉንም አስረዳኋት። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለት የሚያሳየው ምርመራ ነገ ይደርሳል፤ ከዚያ ሐኪሙ ያዝለታል። እስከዚያው ልጁ ሲታጠብ ጆሮው ውኃ እንዳይገባው አደራ ብያታለሁ።