መልቲሜትሩ «ደህና ነው» ያለው አምፕሊፋየር

አንድ የቆየ አምፕሊፋየር እጄ ገባ። ይሠራል፣ ድምፁም አሪፍ ነው፣ ግን ምንም ሙዚቃ ሳይከፈት ስፒከሩ ውስጥ የማያቋርጥ «እምምም» አለ። ቮልዩሙን ዜሮ ብታደርጉትም አይጠፋም። ይሄ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ችግሩ ከቮልዩሙ በፊት የሚገባ ቢሆን ኖሮ ቮልዩሙ ሲቀነስ እሱም አብሮ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ ቀጥታ ለሁሉም ኃይል ወደሚያቀርበው ክፍል፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያነሳሁት መልቲሜትሩን ነው። በእጅ የሚያዝ ኦሲሎስኮፕ (ባጭሩ ስኮፕ፣ ቮልቴጅ በጊዜ ውስጥ ሲለዋወጥ በስዕል የሚያሳይ) የገዛ ሰው ሁሉንም ነገር በእሱ ማየት ያምረዋል፣ ይገባኛል። ግን ግማሹ ሥራ ስዕል አይፈልግም። ፊውዙ ደህና መሆኑን ለማወቅ ኮንቲኒዩቲ (መስመር አለመቆረጡን የሚያሳየው) ላይ አድርጎ «ጢጥ» ማሰኘት ይበቃል። አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ትልቁ ካፓሲተር (ቻርጅ አጠራቅሞ ቮልቴጁን የሚያለሰልሰው) ላይ የቀረ ቮልቴጅ እንዳለ በዲሲ ለካሁ፣ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያሳለፉ ኤሲውን (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ) ወደ ዲሲ የሚቀይሩትን አራት ዳዮዶች አንድ በአንድ አየሁ። በአንድ በኩል ከ0.5 እስከ 0.6 ቮልት፣ ፕሮቦቹ (የሜትሩ መንኪያ ሽቦዎች) ሲገለበጡ ክፍት። ሁሉም ጤነኛ ናቸው። (ቦርድ ላይ እንዳለ የሚለካ ዳዮድ አጠገቡ ባሉ ነገሮች የተነሳ የተሳሳተ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የሚያጠራጥር ከሆነ አንድ እግሩን ነቅሎ መለካት ነው።)

ከዚያ ሰካሁትና ካፓሲተሩ ላይ ያለውን ዲሲ ለካሁ። 24.1 ቮልት። የሚጠበቀውም 24 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ፓወሩ ደህና ነው» ብሎ ወደ አይሲዎቹ (ቺፖቹ) ይሄድና ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መልቲሜትር ዲሲ ላይ ሲሆን የሚያሳየው አማካዩን ነው። ቮልቴጁ ከ25 እስከ 23 እየወጣና እየወረደ ቢዋዥቅም እሱ 24 ብሎ ዝም ይላል። የክፍሉን አማካይ ውጤት ነግሮ ማን እንደወደቀ እንደማይናገር አስተማሪ ማለት ነው። መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጎ ያንኑ ቦታ መለካት ይቻላል፣ ጥሩ ሜትር ከሆነ ዲሲውን አስቀርቶ የሚዋዥቀውን ብቻ በግምት ይነግራችኋል። አንዳንድ ርካሽ ሜትሮች ግን ዲሲውን አያስቀሩም፣ ስለዚህ ጭራሽ የማይሆን ቁጥር ያወጣሉ።

አሁን ስኮፑ መጣ። ዲሲ ካፕሊንግ (ቮልቴጁን እንዳለ የሚያሳየው) ላይ፣ በስክሪኑ አንድ ካሬ 10 ቮልት አድርጌ ሳየው ትንሽ የሚወዛወዝ መስመር ነው፣ ላያስተውሉት ይችላሉ። ኤሲ ካፕሊንግ ላይ ቀየርኩት። 24ቱ ቮልት ጠፋና መስመሩ መሃል ላይ ተቀመጠ። በካሬ 500 ሚሊቮልት፣ በካሬ 5 ሚሊሰከንድ። አሁን ቁልጭ አለ። ቶሎ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ እንደገና ይወጣል፤ የታወቀው የመጋዝ ጥርስ ቅርፅ። ከላይ እስከ ታች አራት ካሬ፣ ማለትም 2 ቮልት። ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ሁለት ካሬ፣ ማለትም 10 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ)።

ይቺ 100 ቁጥር ወርቅ ናት። የሶኬቱ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ከሆነ አራቱ ዳዮዶች ሞገዱን ሁለቱንም ግማሽ ስለሚያሳልፉ ውጤቱ 100 ይሆናል (60 ኸርዝ ባለበት ደግሞ 120)። 50 ቢሆን ኖሮ አንዱ ዳዮድ ክፍት ነው ወይም ከአንድ ቦታ ቀጥታ የመስመር ኤሌክትሪክ እየገባ ነው ብዬ እጠረጥር ነበር። 100 ሆኖ ደግሞ ቁመቱ ሲበዛ ጣት የሚቀሰረው ካፓሲተሩ ላይ ነው።

ግን 2 ቮልት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ይሄን ለማወቅ አምፕሊፋየሩ ስንት እንደሚወስድ ማወቅ አለብኝ። ከካፓሲተሩ ወደ ቦርዱ የሚሄደውን ፊውዝ ነቅዬ በቦታው መልቲሜትሩን በአምፒር አስገባሁ። ድምፅ ሳይኖር ወደ 0.1 አምፒር። እንደጨረስኩ ቀዩን ፕሮብ ወዲያው ወደ ቮልት ቀዳዳ መለስኩት። ይቺን ልማድ ያዙልኝ፣ እንደውም መልቲሜትሩን ከማስቀመጤ በፊት የማደርጋት ነገር ናት። ፕሮቡ አምፒር ቀዳዳ ላይ እንዳለ ቮልቴጅ ልለካ ብሎ ሶኬት ውስጥ መክተት ማለት ሶኬቱን በሽቦ ሾርት ማድረግ ነው። ውስጡ ያለው ፊውዝ ጥራት ያለው ካልሆነ ደግሞ መዘዙ ከሜትሩም ያልፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አምፒሩን በ10 ሚሊሰከንድ አብዝቶ ለካፓሲተሩ መጠን ማካፈል። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው 4700 ማይክሮፋራድ ነው። 0.1 አምፒር ሲወሰድ መዋዠቅ ያለበት ወደ 0.2 ቮልት ነው። እኔ የማየው 2 ቮልት። አሥር እጥፍ! ካፓሲተሩ ከአቅሙ የቀረው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው ማለት ነው። ነቅዬ በመልቲሜትሩ ካፓሲተር መለኪያ ሳየው ከ500 ማይክሮፋራድ በታች አሳየ። ከላይ ሲያዩት አላበጠ፣ አላፈሰሰ፣ ምንም ምልክት የለውም። ተመሳሳይ መጠንና 35 ቮልት የሚችል አዲስ ገዝቼ ፖላሪቲውን (ፕላስና ማይነሱን) ጠብቄ በየድኩት። ስኮፑ ላይ ያ ሁሉ ጥርስ ግማሽ ካሬ እንኳ የማይሞላ ሆነ። «እምምም»ውም ጠፋ።

ስለ ፕሮቡ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ስኮፕ «ዋሸኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በፕሮቡ ነው። ፕሮቡ ላይ ×1 እና ×10 የሚል ማብሪያ አለ። ስኮፑ ሜኑ ውስጥም እንዲሁ አለ። ሁለቱ ካልተስማሙ የምታዩት ቁጥር በአሥር እጥፍ ይበዛል ወይም ያንሳል። ×10 ላይ ፕሮቡ የሚለካውን ሰርኪዩት ብዙም አይጫነውም፣ 1 ሜጋኦም የነበረው 10 ይሆናል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሥራ እሱን እጠቀማለሁ። እንደ አምፕሊፋየሩ ያለ ዝግ ያለና ትንሽ ነገር ሲሆን ግን ×1 ይሻላል። ×10 ላይ ደግሞ ፕሮቡን ማስተካከል አለ። ስኮፑ የሚያወጣውን 1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ ላይ ሰክቶ፣ ማዕዘኖቹ ሹል ብለው ከወጡ ወይም ከዶለዶሙ፣ የሞገዱ አናት ጠፍጣፋ እስኪሆን ድረስ ፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማዞር ነው።

ከፕሮቡ የምትወጣው ረጅሟ የግራውንድ (የዜሮ ማጣቀሻ) ሽቦ ደግሞ አንቴና ናት። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ጩኸት የቦርዱ ይሁን የሽቦዋ ለማወቅ የፕሮቡን ጫፍ ግራውንዷ የተያዘችበት ነጥብ ላይ ራሱ ንኩት። መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት። ካላለ ያ ጩኸት የናንተ ሽቦ ነው። በተለይ ቻርጀርና አዳፕተር የመሰሉ በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉ ነገሮች ላይ ይሄ ብዙ ያሳስታል።

ስለ ደህንነት። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ስኮፕ ግራውንዱ በሶኬቱ በኩል ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው፣ ግራውንዱን ፌዝ ላይ ብትይዙት ይፈነዳል። በባትሪ የሚሠራው የእጅ ስኮፕ ይሄ ችግር የለበትም ይባላል። እውነት ነው፣ ግን በባትሪ እስከሠራ ድረስ ብቻ። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኙት ግራውንዱ በኮምፒውተሩ በኩል መሬት ሊያገኝ ይችላል። ሁለት ቻነል ካለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለቱ ግራውንድ ውስጡ አንድ ነው። 220 ቮልት የምንለውም ጫፉ 311 ነው፣ ከላይ እስከ ታች 622። ስኮፑና ፕሮቡ ላይ የተጻፈውን ሳላነብ ሶኬት ላይ አላስጠጋውም።

ኢንቨርተር (የባትሪ ዲሲን ወደ ኤሲ የሚቀይር) ላይም አንድ ነገር አየሁ። ሁለት መልቲሜትር ይዤ አንዱ 220 ሌላው 173 ቮልት አካባቢ አለኝ። የቱ ተበላሸ? ሁለቱም ደህና ናቸው። ስኮፑ ሲያሳየኝ ሞገዱ ሳይን (ለስላሳ ማዕበል) አይደለም፣ ወደ 311 ዘሎ የሚቆም፣ ዜሮ ላይ የሚያርፍ፣ ከዚያ ወደ ታች የሚዘል ደረጃ ነው። ትሩ አርኤምኤስ የሆነው ሜትር (የማንኛውንም ቅርፅ ውጤታማ ቮልቴጅ የሚለካው) በትክክል ያሰላዋል። ሌላው ግን አማካዩን ወስዶ፣ ሳይን ነው ብሎ በ1.11 ያባዛዋል። ሞገዱ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ እዚያ ነው የሚወድቀው።

በነገራችን ላይ ስኮፑ ቁጥርም ይጽፋል ብላችሁ መልቲሜትሩን እንዳትጥሉት። አብዛኛው የእጅ ስኮፕ 8 ቢት ነው፣ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች በ256 ደረጃ ብቻ ነው የሚከፍለው። 5.00 ይሁን 4.95 ለማለት መልቲሜትሩ ነው ዳኛው።

ስኮፑ ብቻ የሚያደርገው ነገር ግን አለ፣ ለሰከንድ ሽራፊ የሚመጣን ነገር መያዝ። በራሱ ጊዜ እየጠፋ የሚነሳ ራውተር ነበረኝ። አዳፕተሩን ስለካው ሁሌ 12 ቮልት ነው። መልቲሜትር ቁጥሩን የሚያድሰው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ስለሆነ በመሃል የሚያመልጠውን አያይም። ስኮፑን ራውተሩ መግቢያ ላይ አገናኘሁ፣ ትሪገሩን (ስዕሉ መቼ እንዲያዝ የሚወስነውን) 10 ቮልት ላይ ቁልቁል ለሚሄድ አደረግኩ፣ ሲንግል (አንዴ ይዞ የሚቆም)። ከዚያ ሌላ ሥራዬን ቀጠልኩ። ስመለስ ስክሪኑ ቆሟል፣ መስመሩ ከ12 ወደ ዜሮ ተጠግቶ ወርዶ፣ ተንቀጥቅጦ ተመልሷል። ያ መንቀጥቀጥ የላላ ብረት ምልክት ነው። ሲንግሉን መልሼ አዘጋጅቼ መሰኪያውን ነካ ሳደርገው ያንኑ ስዕል ደገመልኝ። አዳፕተሩን ትቼ መሰኪያውን ቀየርኩ።