ማክስ ሊንደርን ፍለጋ ፓሪስ

ፓሪስ የሄድኩት የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ፈረንሳዊ ኮሜዲያን የሆነውን የማክስ ሊንደርን ፊልሞች በሲኒማ ቤት ለማየት ነው። ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ የለም። ቻፕሊን ግን ለማክስ በላከው ፎቶግራፍ ላይ እሱን “ፕሮፌሰሩ” ብሎ፣ ራሱን ደግሞ “ደቀ መዝሙርህ” ብሎ ነው የፈረመለት። አስተማሪውን ማየት የሚገባኝ በስልኬ አይደለም ብዬ ተነሳሁ። (ቀኑና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን በእግሬ ተጓዝኩ። የፈረንሳይ ሲኒማ ልጅነት ያለፈው በአንድ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ቡልቫር ዴ ካፑሲን 14 ቁጥር ላይ ቆምኩ። ዛሬ ሆቴል ነው። ታህሣሥ 28 ቀን 1895 ከሲኒማ ጀማሪዎች የሚቆጠሩት የሉሚየር ወንድማማቾች እዚህ በነበረው ግራን ካፌ ምድር ቤት 10 አጫጭር ፊልሞች አሳዩ። መግቢያው 1 ፍራንክ ነበር። ከአሥሩ አንዱ አስቂኝ ነው፤ አትክልተኛው ውሃ ያጠጣል፣ ልጁ ከኋላ የውሃውን ጎማ ይረግጣል። ውሃው ሲቆምበት አትክልተኛው አፉን አቅርቦ ያያል። ልጁ እግሩን ሲያነሳ ፊቱ ላይ ቦለል! አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኔን እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ወደ ምሥራቅ ስቀጥል ቡልቫር ሞንማርትር ላይ ግሬቫን የተባለው የሰም ሐውልት ሙዚየም አለ። ኤሚል ሬኖ በእጁ የሳላቸውን ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ከ1892 ጀምሮ ያሳየው እዚህ ነው፤ ከሉሚየሮች በፊት መሆኑ ነው። በኋላ ሲኒማው ገበያውን ወሰደበት። ሬኖም አብዛኛውን ሥራውን ሴን ወንዝ ውስጥ ጣለው። ሙዚየሙ በር ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ።

ትንሽ አለፍ ብሎ ቡልቫር ፖይሶኒየር ላይ “ማክስ ሊንደር” የሚል ጽሑፍ አለ። ማክስ በ1914 የገዛውና ስሙን የሰጠው ሲኒማ ቤት ነው። ዛሬም ይሠራል፣ ሸራው ግዙፍ ነው። አዳዲስ ፊልሞች ነው የሚያሳየው። ስሙን እያዩ ከሚያልፉት ብዙዎቹ ሰውየውን የሚያውቁት አይመስለኝም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ግን ከእሱ የሚስተካከል የፊልም ኮከብ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለፓቴ ፊልም ኩባንያ መሥራት የጀመረው በ1905 ነው። በየፊልሙ የሐር ባርኔጣ፣ ያማረ ልብስ፣ የተከረከመ ሪዝ፣ ከዘራ። ድምፅ ስለሌለው በመሃል የሚገባውን ጽሑፍ ብቻ እየቀየሩ ለየአገሩ ይሸጡት ነበር። በሩሲያ ሳይቀር ሕዝብ ተጋፍቶ ተቀብሎታል።

ዋናው ነገር የነበረው ከወንዙ ማዶ፣ 13ኛው ወረዳ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ጎብላን ጎዳና 73 ቁጥር ላይ ነው። የዠሮም ሴዱ-ፓቴ ፋውንዴሽን ይባላል፤ የፓቴን የድሮ ሥራዎች የሚጠብቅ ተቋም ነው። የድሮ ቴአትር ቤት ነበር፤ የፊት ለፊቱን ቅርጻ ቅርጽ ታዋቂው ቀራጺ ሮዳን በወጣትነቱ ሠርቶታል። ከጀርባው አርክቴክቱ ሬንዞ ፒያኖ የነደፈው ክብ፣ አናቱ መስታወት የሆነ ሕንፃ ተነስቷል። በ2014 ነው የተከፈተው። የድሮዎቹን ካሜራዎችና ፕሮጀክተሮች ካየን በኋላ ወደ አዳራሹ ወረድን። ወደ 70 ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ የሚታየው ድምፅ አልባ ፊልም ነው።

“ወረድን” ያልኩት የአክስቴ ልጅ ከነልጁ አብሮኝ ስለነበር ነው። ፓሪስ ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ “ድምፅ የሌለው ነገር ልጁን ያሰለቸዋል” ብሎኝ ነበር።

ፒያኖ የሚጫወቱት ከፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የኢምፕሮቪዜሽን፣ ማለትም እዚያው ፈጥሮ የመጫወት ክፍል የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። የተጻፈ ኖታ የለም። አዝማሪ የቤቱን ሰው ፊት እያየ ግጥም እንደሚያወጣ፣ ፒያኖ ተጫዋቹም ሸራውን እያየ፣ የእኛን ሳቅ እየሰማ ነበር የሚጫወተው። ሳቁ ሲበዛ ይቆያል፣ ጸጥ ስንል ይቆነጥጠናል።

በ1911 የተሠራ አንድ ፊልም ላይ ሐኪም ለማክስ መጠጥ ያለበት የብርታት መድኃኒት ያዝለታል። አንድ ብርጭቆ ነበር የታዘዘው፤ የቀረበለት ብርጭቆ ግን የባልዲ ያህል ነው። ይሰክራል። መንገድ ላይ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ይጣላል። እነሱም ለዱኤል (በመሣሪያ ለሚደረግ የክብር ፍልሚያ) ይፈልጉታልና አድራሻቸው ያለበትን ካርድ ይሰጡታል። ፖሊሶች ሰካራሙን ሲያነሱት ኪሱ ውስጥ የሚኒስትር ካርድ ያገኛሉ። ሚኒስትሩ ራሱ መስሏቸው ሰላምታ ሰጥተው፣ ደግፈው ሰውየው ቤት ያስገቡታል! “ባቢ፣ ለምንድነው ፖሊሶቹ የሚፈሩት?” አለ ልጁ ጮክ ብሎ በአማርኛ። አባትየው መመለስ አልቻለም፤ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ነበር።

ይህንኑ ፊልም በስልኬ አይቼዋለሁ። እንዲህ አልነበረም። ያኔ ካሜራው በእጅ ስለሚዞር ፍጥነቱ ከዛሬው ያነሰ ነው፤ ሳይስተካከል ሲለቀቅ ሰዎቹ ይጣደፋሉ። የማክስ ጥበብ ደግሞ ያለው ትንንሽ ነገር ላይ ነው። ሰክሮ እየወደቀ እንኳ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳል። ቅንድቡ ብቻ የምትናገርበት ጊዜ አለ። በትክክለኛው ፍጥነት፣ በትልቁ ሸራ፣ ከሚስቅ ሰው ጋር ካልሆነ ይህ ያመልጣል። ለእኔ የድሮ ፊልም ትንሣኤ ማለት ይህ ነው፤ ፊልሙን አጽድቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግማሽ ሥራ ነው።

ጦርነቱ የማክስን ጤና ጎዳው። አሜሪካ ሄዶ በ1921 “ሰባት የክፉ ዕድል ዓመታት”ን ሠራ። መስታወቱን የሰበረው አሽከር ምግብ አብሳዩን ማክስ አስመስሎ በባዶው ፍሬም ውስጥ ያቆመዋል፤ ማክስ ፊቱን ሲላጭ “ነጸብራቁ” እየተከተለው ይላጫል። በ1925 ማክስና ባለቤቱ አብረው ራሳቸውን አጥፍተው ሲሞቱ ልጃቸው ሞድ ገና ሕፃን ነበረች። አድጋ የአባቷን ፊልሞች ከያሉበት ስታሰባስብ ኖረች፤ በ1963 እና በ1983 ስለ እሱ ፊልም ሠርታ ለሕዝብ አሳየች። ዛሬ እኛ የምንስቀው በእሷ ድካም ጭምር ነው።

ፓሪስ የምትሄዱ ከሆነ የጎብላኑን ፕሮግራም አስቀድማችሁ እዩ፤ አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ቲኬት ቶሎ ያልቃል። ፈረንሳይኛ አለመቻል አያሳስባችሁ። ልጆች ካሏችሁም ይዛችኋቸው ሂዱ።