ካልሲየም ልትገዛ የመጣችው ሴት

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። «ካልሲየም ስጡኝ» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል። ይህችኛዋ ግን ግራ እጇ ላይ ጀሶ ነበረባት። በሯ ላይ አዳልጧት፣ በመዳፏ ስትደገፍ አንጓዋ ተሰበረ። ዕድሜዋ 43 ነው። በዚህ ዕድሜ ከቆሙበት በመውደቅ ብቻ አጥንት ሲሰበር ምክንያቱ መጠየቅ አለበት።

«እህቴ፣ የወር አበባ ታያለሽ?» አልኳት።

«ኧረ ከቀረ ሦስት ዓመት አለፈው ዶክተር። በማዮማ፣ በማሕፀን ዕጢ ምክንያት ማሕፀኔን አውጥተውልኛል።»

ማሕፀን ብቻ ከወጣ ኦቫሪዎቹ፣ ማለትም የሴቷን እንቁላል የሚይዙት ዕጢዎች፣ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ የሆስፒታሉን ወረቀት እንድታመጣ ለመንኳት፤ በማግስቱ ይዛ መጣች። መታጠፊያው ላይ የተቀደደ ወረቀት ነው። ሁለቱም ኦቫሪዎች መውጣታቸው ከታች በእጅ ተጽፏል። የኤስትሮጅን ክኒንም ታዝዞላት ነበር።

«ትወስጂዋለሽ?»

«ሙቀቱና ላቡ ሲተወኝ አቆምኩት። ጎረቤቴም ካንሰር ያመጣል አለችኝ።»

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። «በቀን አንድ» ይላል። ስለ አጥንት አንድ ቃል የለም። ይህ እስካሁን ያበሳጨኛል። ክኒኑ ለላብ ብቻ የተሰጠ ከመሰላት፣ ላቡ ሲቆም ብታቆመው ምን ይገርማል?

አጥንት አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ሴሎች አሮጌውን ይበላሉ፤ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት በቦታው አዲስ ይሠራሉ። መብላቱ ሳምንታት ይበቃዋል፣ መልሶ መሙላቱ ግን ወራት ይፈጃል። ኤስትሮጅን በላተኞቹን የሚቀሰቅሰውን ራንክል የተባለ ፕሮቲን ይገታል፣ የበላተኞቹን ዕድሜም ያሳጥራል። እሱ ሲጠፋ መብላቱም መሥራቱም አብረው ይፈጥናሉ፤ ነገር ግን የሚሠራው የሚበላውን አያክልም። ውስጣቸው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆኑ አጥንቶች፣ እንደ ጀርባና አንጓ ያሉት፣ ቀድመው ይሳሳሉ። በተፈጥሮ ማረጥ ሆርሞኑ በዓመታት ውስጥ ነው የሚቀንሰው። እሷ ግን ገና በ40 ዓመቷ በአንድ ቀን ቀዶ ጥገና አጣችው።

«ታዲያ ካልሲየሙ አይጠቅመኝም?» አለች። ይጠቅማል አልኳት፣ ብቻውን ግን አይበቃም። አፍራሹ ከግንበኛው በልጦ በሚሠራበት ቤት አሸዋ ማቅረብ ብቻውን ግድግዳውን አያቆመውም።

ጎረቤቷ ያለችውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተካሄደ ትልቅ የሴቶች ጤና ጥናት አንዱ ክፍል ከጊዜው በፊት ቆመ። ኤስትሮጅንን ፕሮጄስቲን ከተባለ ሌላ ሆርሞን ጋር በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት ጨምሮ ስለተገኘ ነው። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ሴቶቹ ግን ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 63 የነበረ፣ ማሕፀናቸውም ያልወጣ ነበሩ። ማሕፀን የሌላቸው ኤስትሮጅን ብቻ የወሰዱበት ክፍል በ2004 ሲቆም ምክንያቱ ስትሮክ ነበር፤ የጡት ካንሰር አልጨመረም። በሁለቱም ክፍሎች የዳሌ አጥንት ስብራት ሲሶ ያህል ቀንሷል። የ63 ዓመት ሴቶችን አደጋ አምጥቶ በ40 ዓመቷ ኦቫሪ ባጣች ሴት ላይ መጫን ልክ አይደለም። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ያጋጠማት ሴት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ይህን የሚለየው ሐኪም ነው።

ስለዚህ ክኒኑን ከመደርደሪያ አንስቼ አልሰጠኋትም። ያየሁትን በአጭሩ ጽፌ ወደ ማሕፀን ሐኪም ላክኋት። የአጥንት ጥንካሬ መለኪያው ማሽን በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ ተራ ጠበቀች። የጀርባዋ ውጤት -2.7 ሆነ። ከ-2.5 ጀምሮ ወደ ታች ያለው የአጥንት መሳሳት ነው። ሐኪሙ ጡቷንና የደም ግፊቷን መርምሮ ኤስትሮጅኑን መልሶ አስጀመራት።

ማዘዣውን ይዛ ስትመጣ «እስከ መቼ ነው የምውጠው?» አለችኝ። ቢያንስ በተፈጥሮ ማረጥ እስከሚመጣበት፣ 50 ዓመት አካባቢ እስከሚሆንሽ ድረስ አልኳት። መድኃኒቱ አጥንቱን የሚጠብቀው እየተወሰደ ሳለ ነው፤ ሲቋረጥ መሳሳቱ ይቀጥላል። ስለዚህ ከማቆሟ በፊት አጥንቷ ተለክቶ፣ ሌላ የአጥንት መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነ ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት። ይህንኑ አጠር አድርጌ በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩላት፦ «ለአጥንትም ነው። ሐኪም ሳታማክሪ እንዳታቆሚ።»